የጠበቀና የላላ

«ምዕላድ» የምትባል ቃል አለች። ትምህርት ቤት ተወልዳ፣ ትምህርት ቤት አድጋ፣ ከፈተና ማግስት ጀምሮ አስታዋሽ ያጣች ምስኪን ቃል ናት። አስተማሪው ሰሌዳ ላይ «ትርጉም ያላት፣ ከዚያ ወዲያ የማትከፈል የቋንቋ ቅንጣት» ብሎ ይጽፍላታል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ይሸመድዳል፤ ይረሳል። ዘመዶቿም፣ ማለትም ነፃና ጥገኛ፣ ቅድመ ቅጥያና ድኅረ ቅጥያ፣ ሥርና ግንድ፣ አናባቢና ተናባቢ፣ ነዛሪና ኢነዛሪ የሚባሉት ሁሉ ዕጣቸው ከእሷ የተለየ አይደለም። ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. «የአማርኛ ሰዋስው»ን ሲያሳትሙ የቃላትንና የድምፆችን ጥናት በራሱ በአማርኛ ወግ ባለው ቤት አስገብተውታል። ይሁን እንጂ ያን ቤት የሚጎበኘው ወይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ወይ እንደኔ የሰው ጽሑፍ ማረም እንጀራው የሆነ ሰው ነው።

የሚያስቀው ነገር፣ ምዕላድን በስሟ የማያውቃት ሰው በግብሯ ጠንቅቆ ያውቃታል። እንዲያውም እንደኔ እንደኔ በዚህ ከተማ ከምሁራኑ ቀጥሎ የቃል መገጣጠሚያ የት እንዳለ አሳምሮ የሚያውቀው የታክሲ ረዳት ነው። የምኖረው ቦሌ ቡልቡላ ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ፣ ትናንት እርሻ የነበረ፣ ዛሬ ያለቀውና ያላለቀው ፎቅ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍቶ የቆመበት ሠፈር። ጠዋት ጠዋት ከማርያም ማዞሪያ ተሳፍሬ ቦሌ ድልድይ ስደርስ ወደ መገናኛ የሚጭኑት ረዳቶች «ገናኛ! ገናኛ! ገናኛ!» እያሉ ይጠብቁኛል። «መ»ን የት ጣሏት? ልብ በሉልኝ፤ «መ» በ«መጥረጊያ»፣ በ«መቀመጫ»፣ በ«መውጫ» ውስጥ ያለችው ቅድመ ቅጥያ ናት፤ የመሣሪያ ወይም የቦታ ስም ሲያስፈልግ መጥታ ትለጠፋለች፣ በ«ተገናኘ»ና በ«ግንኙነት» ውስጥ ግን የለችም። ረዳቱ ተቸኩሎ ቃል ሲቆርጥ የሚቆርጠው እዚያው መገጣጠሚያው ላይ ነው። «መገና! መገና!» ብሎ አጉል ቦታ ሲሰብረው ሰምቼ አላውቅም። ሥጋ ቤት የቆየ ሰው ቢላውን አጥንት ላይ እንደማያሳርፍ ሁሉ ማለት ነው።

ስለ ድምፅም እንዲሁ። ድል፣ ትል፣ ጥል። ሦስት ቃል፣ ሦስት የተራራቀ ነገር። አንዱ ያስጨፍራል፣ አንዱ ጎመን ይበላል፣ አንዱ ሽማግሌ ያስጠራል። ልዩነታቸው ግን የመጀመሪያዋ ድምፅ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ምላስ የሚያርፍበት ቦታ ለሦስቱም ያው ነው። እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጋችሁ «ድ» በሉ፤ ይነዝራል። «ትን» በሉ፤ ጉሮሮ ዝም ይላል። «ጥን» በሉ፤ ጉሮሮ አየሩን ከተዘጋ በር ኋላ ይዞት ይቆይና ይለቀዋል፤ ድምፁ ይፈነዳል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ የዚህ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ከሁሉ በፊት የሚያልበውም እነሱ ላይ ነው። እንዲህ አንዷን ድምፅ በሌላዋ ስንተካት ቃሉ ሌላ ቃል ከሆነ፣ እነዚያ ሁለቱ በቋንቋው ውስጥ የየራሳቸው ወንበር ያላቸው ድምፆች ናቸው። ሊቃውንቱ «ፎኒም» የሚሉት ይህንኑ ነው። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ጆሮና ሰው ይበቃል። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የአማርኛ ሰዋስው ሲያሳትም ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። መምህሩ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ መጀመሪያ ሮም፣ ኋላም ጎታ ላይ ተገናኝተው ቃሉን ከአፋቸው ለቀመው። እሳቸው መጽሐፉን አላዩትም፤ እ.ኤ.አ. በ1658 ከአውሮፓ ሲመለሱ ባሕር ላይ ቀርተዋል።

ወደ ፊደላችን ስንመጣ ነገሩ ወግ አለው። ፊደላችን በአንድ በኩል ቸር ነው፣ በሌላ በኩል ቆንቋና። ቸርነቱ፦ ለአንዲት «ሀ» ሦስት ልብስ ሰፍቶላታል፤ ሀሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ። «ሰ» ሁለት፣ «አ» ሁለት፣ «ጸ» ሁለት። በግዕዝ ዘመን ለየብቻቸው የነበሩ ድምፆች በአማርኛ ተዋሕደው ፊደሉ ብቻ ቀርቷል፤ 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ሆነው ልጆች ግድግዳ ላይ ይቆጥሯቸዋል። ቆንቋናነቱ ደግሞ፦ በአማርኛ ማጥበቅና ማላላትን የሚያህል ጉዳይ የለም፤ ፊደሉ ግን ለእሱ አንዲት ነጥብ እንኳ አልበጀተም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፤ ጠብቆ አለቃ ነው። «ሰውየው ሰፊ ነው» ብዬ ብጽፍ ልብስ ይሰፋል ማለቴ ይሁን ወንበር ይጠበዋል ማለቴ፣ አንባቢዬ እግዚአብሔር ያሳይዎ። «ሽፍታ»ም እንዲሁ፤ አንዱ ጫካ ይገባል፣ ሌላው ሕፃን ልጅ ገላ ላይ ይወጣል።

አብዛኛውን ጊዜ ዐውዱ ይደርስልናል። ስለዚህም ማንም አልተጨነቀበትም። ዐውዱ የማይደርስበት ጊዜ ግን አለ፤ ወደዚያው እየሄድኩ ነው።

ከዚያ በፊት ስለ አንዲት ትንሽ ምዕላድ የምለው አለኝ፤ ሳልናገርላት ባልፍ ቅር ይለኛል። የ«ለ» እና የ«በ» ነገር። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት»። ዳኛው ያው ዳኛ፣ ግሡ ያው ግሥ፣ ሰውየውም ያው ሰውዬ፤ መሐል የገባችው አንዲት ድምፅ ግን አንዱን ወደ ቤቱ፣ ሌላውን ወደ ወህኒ ትሰዳለች። እድር ቤት ለቅሶ የሚያስመዘግብ ሰው ሲመጣ ልብ ብዬ አዳምጫለሁ። «አባቴ ሞተ» የሚል የለም። «አባቴ ሞተብኝ» ነው የሚለው። ግሡ «ሞተ» ነው፤ «ብ» ጉዳቱን ታመጣለች፤ «ኝ» ጉዳቱ ያረፈበትን ሰው ታመለክታለች። ጸሐፊውም «ማን ሞተብህ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ማን ሞተ?» አይልም፤ እንዲያ ቢል ነውር ይሆናል። አማርኛ ሞትን የሟቹ ጉዳይ ብቻ አድርጎ አይተወውም፤ ለዚህም የመደበው በጀት ሁለት ተናባቢ ነው።

ሌላ ደግሞ አለ፤ ይኼኛው ይበላል። ሠፈራችን ካሉት ቁርስ ቤቶች አንዱ ግድግዳው ላይ «ጨጨብሳ» እና «ፍርፍር» ብሎ ጎን ለጎን ጽፏል። ሁለቱም የተደገሙ ቃላት ናቸው። አማርኛው «ፈረ»ን ሁለት ጊዜ ብሎ «ፈረፈረ» አለና «ፍርፍር»ን አወጣ። ጨጨብሳ ኦሮምኛ ነው፤ መስበር «ጨብሱ» ይባላል፤ ደጋግሞ መሰባበር ሲሆን ኦሮምኛው የቃሉን ራስ ይደግምና ሁለተኛዋን «ጨ» አጥብቆ «ጨጨብሱ» ይላል። ቂጣው የተሰባበረ ነውና ስሙም ተሰባብሮ ቀረ። አማርኛ ለዚሁ ሥራ መሐሉን ነው የሚደግመው፤ ሰበረ፣ ሰባበረ። አንዱ ራሱን ይደግማል፣ አንዱ ወገቡን፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። የሠፈራችን ስም ራሱ እኮ «ቡል-ቡል» እያለ የሚሄድ ነው፤ በኦሮምኛ «ቡልቡሉ» ማለት በውኃ መበጥበጥ፣ ማሟሟት ማለት ነው። ኦሮምኛ በ1984 ዓ.ም. በላቲን ፊደል መጻፍ በይፋ ሲጀምር የጠበቀውን ድምፅ ፊደሉን ደርቦ፣ የረዘመውንም አናባቢ እንዲሁ ደርቦ መጻፍን ሥርዓት አድርጎታል። ስለዚህ የቁርስ ቤቱ ልጅ ጨጨብሳን በቁቤ ሲጽፍ መጥበቋ ትታያለች፤ በእኛ ፊደል ሲጽፍ ትሰወራለች። በየትኛው ፊደል ይጻፍ የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፤ የምናገረው ስለ መጥበቅ ብቻ ነው።

እንግዲህ እድሩ ላይ ደረስን። ስሙን አልጠራም፤ ስድሳ ያህል አባወራ ያለበት፣ ድንኳንና ድስት ያለው፣ እንደ ማንኛውም እድር ያለ እድር ነው። መተዳደሪያ ደንቡ የተጻፈው ብዙዎቻችን ወደ ሠፈሩ ሳንገባ ነው። ከአንቀጾቹ አንዱ እንዲህ ይላል፤ «አባል ከሠፈር ለቆ ሲሄድ ብር 5000 ይሰጣል።»

ለዓመታት ማንም አልለቀቀምና አንቀጹን የነካው አልነበረም። ዓምና ግን ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ቤታቸውን ለቀው አያት ወዳለችው ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ሆነ። ወርሃዊ መዋጯቸውን አንድም ጊዜ ያላስተጓጎሉ ሴት ናቸው። ለስንብት ወደ ስብሰባው መጡ፤ ገንዘብ ያዡ ደንቡን አወጣና አነበበ። ላልቶ አነበበው። ለቃቂው ይሰጣል፤ ማለት ከኪሱ አውጥቶ ለእድሩ ይከፍላል። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሲነግረኝ የኖረው እንዲህ አይደለም፤ ይሰጣል ነው» አሉ። እሳቸው ያሉት ጠብቆ ነው፤ ለለቃቂው ከእድሩ ካዝና ይሰጠዋል ማለታቸው ነው። (ይኸው አሁን እንኳ ለአንባቢ በጽሑፍ ላሳይ ብሞክር ሁለቱም አንድ መልክ ይዘው ቁጭ አሉ፤ ላልቶ፣ ጠብቆ እያልኩ በቃል ከመንገር ሌላ መላ የለኝም።)

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ገንዘብ ያዡ ክፉ ሰው አይደለም። በዚያው ወር ሦስት ለቅሶ ወድቆብን ካዝናው ሳስቶ ነበር፤ ሰው ደግሞ ሲቸገር ፊደልን ወደሚጠቅመው ወገን ያነብባል። ሌሎችም ደገፉት። «ወረቀቱ ላይ ያለው ይኸው ነው» አሉ። እማማም ወረቀቱን ተቀብለው አዩት፤ ወረቀቱ ላይ ያለው በእርግጥም ይኸው ነበር። አሥር ሺህ ብር ልዩነት ማለት ነው፤ አምስት ሺህ ማግኘትና አምስት ሺህ መክፈል። ለአንዲት ጡረተኛ እናት ቀላል አይደለም። ከገንዘቡ በላይ ግን ፊታቸው ላይ ያየሁት ሌላ ነገር ነበር፤ እንደ ተባረረ ሰው ሆኑ።

ከሠፈሩ ጥንታውያን አንዱ፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ አዛውንት፣ እስከዚያ ድረስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «ይህ ደንብ የጸደቀ ዕለት ማን አነበበው?» የቀድሞው ጸሐፊ፤ ነፍሱን ይማርና። «እንዴት አድርጎ አነበበው?» ዝምታ ሆነ። አባባ ቀጠሉ። ቅኔ ቤት ንባብ ራሱን የቻለ ትምህርት እንደሆነ፣ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እየተባለ እያንዳንዱ ቃል በምን ዜማ እንደሚነሣና እንደሚወድቅ ከመምህር አፍ እንደሚለቀም፣ የሚጠብቀውን ያላላ ተማሪም ዘንግ እንደሚቀምስ ተናገሩ። «ፊደሉን አትጠይቁት፤ የሰማውን ጆሮ ጠይቁ» አሉ። ያን ዕለት ከነበሩት መስራቾች ሁለቱ ተገኝተው ነበር። አንደኛው ሲነበብ ጠብቆ እንደነበር ተናገረ፤ ሁለተኛዋ እንዲያውም የሟቹን ጸሐፊ ድምፅ አስመስለው አነበቡት፤ ሰዉ ሳቀ። ደግሞስ በየትኛው አገር ነው ለቅሶ ደራሽ ጎረቤት ስለሄደ የሚቀጣው? አለ ከኋላ አንዱ። ገንዘብ ያዡ ራሱ አምስቱን ሺህ ቆጥሮ በሁለት እጁ ሰጣቸው። እማማ መረቁን፣ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ነው እኔ የገባሁበት። አራሚ መሆኔን ያውቃሉና ይህ ነገር ለምን እንደ ደረሰ አስረዳ ተባልኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። «ከፈለ»ን እንውሰድ፤ «ይከፍላል» ሲል አድራጊ ነው፣ «ይከፈላል» ሲል ተደራጊ። መካከለኛዋ ፊደል «ፍ» የነበረችው «ፈ» ሆነች፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ሕፃን ልጅም አይሳሳተውም። «ሰጠ»፣ «ሰማ»፣ «በላ»፣ «መታ» ግን ሁለት ፊደል ብቻ የቀራቸው ግሦች ናቸው። «ሰማ» በግዕዝ «ሰምዐ» ነበር፤ «በላ»ም «በልዐ»። አማርኛ መጨረሻ ላይ የነበረችውን የጉሮሮ ድምፅ ሲያጠፋት የመካከለኛዋ ፊደል መለዋወጫ ቦታ አብሮ ጠፋ። ስለዚህ «ይሰማል»፣ «ይበላል»፣ «ይመታል»፣ «ይሰጣል» ሲጻፉ አድራጊውና ተደራጊው አይለዩም። የሚለያቸው መጥበቅ ብቻ ነው፤ በ«ይሰጣል» ተደራጊው ላይ «ሰ»ም ይጠብቃል፣ «ጣ»ም ይጠብቃል። መጥበቋ እዚህ ላይ ጌጥ አይደለችም፤ ራሷ ምዕላድ ናት፤ አምስት ሺህ ብር የምታወጣ ምዕላድ። ይህን ስል አንዳንዶቹ አዛጉ፤ አባባ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለዚህ «ይሰጣል»ን አውጥተን «ይከፈለዋል»ን እናስገባ፣ ነገሩ ያልቃል አልኩ።

አልተቀበሉኝም። «ቃል ለመለወጥ የጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል» አለ ሊቀ መንበሩ። ያ ደግሞ የማይሰበሰብ ጉባኤ ነው። «ቃል ሳይለወጥ መጥበቁን የምታሳይበት ነገር የለህም?» አሉኝ አባባ። አለኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ለወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህንኑ ችግር አስበውበት በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አስቀምጠዋል። መጽሐፉ በሬዲዮ ተተርኮ አገር ምድሩ ሰማው፤ ነጥቧን ግን የተከተላት ደራሲ እምብዛም አልተገኘም። እስካሁን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ሰው ሁሉ ያደነቀውን መጽሐፍ አንብቦ ነጥቧን ብቻ እንደ ዝንብ እሽ ብሎ አለፋት። ነጥብ ቃል አይደለችምና ጉባኤ አትጠይቅም ተባለና በሙሉ ድምፅ አለፈች።

ደንቡን ይዤ 93 ማዞሪያ አካባቢ ወዳለ ኮምፒዩተር ቤት ሄድኩ። ልጁ ፈጣን ነው፤ ገጹን በሩብ ሰዓት ለቅሞ ጨረሰው። «ጋሼ፣ የቱ ላይ ነው ነጥቡ?» አለኝ። «ሰ»ዋና «ጣ»ዋ ላይ አልኩት። ፈለገ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካ፤ ኮከብ መጣ፣ ሠረዝ መጣ፣ የጥያቄ ምልክት መጣ። በዓለም ያሉ ኮምፒዩተሮች ፊደል የሚጋሩበት ዩኒኮድ የሚባለው ሥርዓት ለዚህች ነጥብ እ.ኤ.አ. በ2005 የራሷን ቁጥር እንደሰጣት ነገርኩት። «ሊሆን ይችላል» አለ፤ «እዚህ ኪቦርድ ላይ ግን የለችም። በሙሉ አቁሚ አራት ነጥብ ብቻ ነው ያለኝ። እሱን ልስቀልልዎ?»

እንዳለ አትምልኝ አልኩት። ስድሳ ቅጂ አተመ። በረንዳው ላይ ወንበር ተቀብዬ፣ ጥቁር እስክርቢቶ ተውሼ፣ እያንዳንዱ ቅጂ ላይ ሁለት ሁለት ነጥብ መጣል ጀመርኩ። አርባኛው ላይ ስደርስ ልጁ ሥራ ፈትቶ መጣና የቀሩትን ከጎኔ ተቀምጦ አገዘኝ። እሱ የጣላቸው ነጥቦች ከእኔዎቹ ትንሽ ወፈር ይላሉ።